ኔትወርክ የለም ሲባል የሌለው ምንድን ነው?

በዚህ ሀገር ክርክር የሚዘጉ ሁለት አባባሎች አሉ። አንዱ «ሲስተም የለም» ነው፤ ባንክ ውስጥ፣ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ትኬት ቢሮ ውስጥ ይሠራበታል። ሁለተኛው «ኔትወርክ የለም» ነው፤ ይሄኛውን ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው እንዞራለን። አንዴ ከተባለ በኋላ ጥያቄ አይከተልም። ከሰማይ እንደሚወርድ በረዶ ስለሚቆጠር ማንም አይጠየቅበትም። ሁለት ሰዓት የተሰለፈው ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የራይድ ሹፌሩ ስልኩን ወደ መኪናው መስታወት ያስጠጋል፤ ውጤት የምትጠብቀዋ ተማሪ ገጹን ስታድስ ታድራለች።

ግን የሌለው ነገር ምንድን ነው? በዚህ ስም የምንጠራቸው ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ የፊዚክስ ጉዳይ ነው፣ አንዱ የመጨናነቅ፣ አንዱ የመብራትና የጥገና፣ አንዱ ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያውን የያዘ ሰው ውሳኔ። ተራራን ማንም አይከስም፤ ሦስቱን ግን መጠየቅ ይቻላል። ለመጠየቅ መጀመሪያ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከፊዚክሱ እንጀምር፣ አይከብድም። ስልካችሁ ሬዲዮ ነው። ሸገር 102.1 ስንል ቁጥሩ ሜጋኸርዝ ነው፤ የጣቢያው ሞገድ በሰከንድ 102.1 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። የሞባይል ኔትወርክም ያው ሞገድ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ከፍ ይላል፦ 800፣ 900፣ 1800፣ 2100 ሜጋኸርዝ እያለ ይቀጥላል። ልዩነቱ ስልካችሁ ሰምቶ ዝም የሚል ሬዲዮ አለመሆኑ ነው፤ መልሶ ይናገራል። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ሞገዱ ከማማው ከወጣባት ቅጽበት ጀምሮ ይዳከማል። በጨለማ ሜዳ ላይ ኩራዝ ለኩሳችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ርቀታችሁ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ የሚወርደው ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው። ሦስት እጥፍ ስትርቁ ዘጠነኛው እጅ ይቀራችኋል፤ አሥር እጥፍ ስትርቁ መቶኛው። ያውም ይሄ ምንም በማይጋርደው ክፍት አየር ላይ ነው። ባሕር ዛፍ፣ ኮረብታ፣ የብሎኬት ግድግዳ መሀል ሲገቡበት ከዚህም ይብሳል።

ቀጥሎ የሞገዱ ርዝመት ይመጣል። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 33 ሴንቲሜትር ያህል ነው፣ ስንዝር ተኩል በሉት። ብዙ ሀገሮች 5ጂ የሚያሠሩበት 3500 ሜጋኸርዝ ደግሞ 9 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፣ አንድ ጋት ነው። ረጅሙ ሞገድ ኮረብታውን ጎንበስ ብሎ ያልፋል፣ ግድግዳም ይበሳል። አጭሩ ብዙ ዳታ የሚሸከም ሰፊ መንገድ ያገኛል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል፣ እንቅፋትም ይበዛበታል። ማስታወቂያው ላይ «5ጂ ገባ» ሲባል ሰፈራችሁ የማይደርሰው አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፤ ለተመሳሳይ ቦታ ብዙ ማማ ይጠይቃል። ገጠር ላይ ደግሞ 2ጂ ብቻ የሚይዘው፣ «ኢ» የምትባለዋ ፊደል ከላይ ብቅ የምትለው፣ ዝቅተኛው ሞገድ ርቆ ስለሚሄድ ነው። እሱም ቢሆን ገደብ አለው፤ በ2ጂ አንድ ማማ በተለመደው አሠራር የሚያገለግለው እስከ 35 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ቢደርስ እንኳ ስልኩ የሚልከው መልስ በተመደበለት ቅጽበት አይደርስም።

የኛ መሬት ደግሞ ለሞገድ አስቸጋሪ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ሲኬድ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና መልሶ ይወጣል። አፋፉ ላይ የተተከለ ማማ ገደሉ ውስጥ ያለውን ሰው አያየውም፤ ለሞገዱ ያ ሰው ጥላ ውስጥ ነው። መፍትሔው ገደሉ ውስጥ ራሱን የቻለ ማማ መትከል ነው፤ ለዚህ ደግሞ መንገድ፣ መብራትና ገንዘብ ያስፈልጋል። ጠፍጣፋ መሬት ላይ ያለ ሀገር በአንድ ማማ የሚሸፍነውን እኛ በሦስት ላንሸፍነው እንችላለን። ይሄን አለማመን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከተማ ውስጥ ግን ጥላውን የሠራነው እኛው ነን። ቆርቆሮ ብረት ነው፣ ብረት ሞገድ አያሳልፍም፤ እንደ መስታወት መልሶ ያንጸባርቀዋል። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ሱቅ ውስጥ ሞገዱ የሚገባው በበርና በስንጥቅ ነው። ፌሮ የበዛበት ኮንክሪትም ቀላል አይደለም። ሊፍት ውስጥ ስልክ የሚቋረጠው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ በ1836 እ.ኤ.አ. ክፍል የሚያክል የብረት ሣጥን ሠርቶ ውስጡ በመግባት ባሳየው ምክንያት ነው፤ ዙሪያውን በብረት የተከበበ ቦታ ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ኃይል ያስቀራል። የሚገርመው መስታወቱ ነው። ተራ መስታወት ሞገዱን ብዙም አይነካውም። ሙቀት ለመከላከል ስስ የብረት ቅብ የተቀባው፣ አሁን በየፎቁ የምናየው የሚያብረቀርቀው ዓይነት ግን ምልክቱን መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊያዳክመው ይችላል። ስለዚህ ውጭ አስፋልቱ ላይ ጥሩ የነበረ ኔትወርክ አዲሱ ቢሮ ውስጥ ሲገቡ እንደ ጨው ይሟሟል። ጥፋቱ የቴሌኮሙ ይመስላል፤ ሕንፃው ሲሠራ የውስጥ አንቴና ያላሰበውን ባለቤት ማንም አያነሳውም።

አሁን ሁላችንም የምናምናት ምልክት ላይ እንምጣ፤ ከስክሪኑ አናት ያሉት አራት ወይም አምስት መስመሮች። መስመሮቹ የሚለኩበት ዓለም አቀፍ ስምምነት የለም። ስንት ጉልበት ሲኖር ስንት መስመር ይብራ የሚለውን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ስልኩን የሠራው ኩባንያ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. አይፎን 4 ወጥቶ ሰዎች በግራ እጃቸው ሲይዙት ኔትወርክ ይጠፋል ብለው ሲጮሁ፣ አፕል በሐምሌ ወር ባወጣው ደብዳቤ መስመሮቹ የሚቆጠሩበት ቀመር ፈጽሞ ስህተት እንደነበር፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ሁለት መስመር ጨምሮ ያሳይ እንደነበር አመነ። ከዚያ ነፃ መሸፈኛ አደለ። ጓደኛህ «የኔ ስልክ አራት ይዟል፣ ያንተ ሁለት» ብሎ ሲኩራራብህ ሁለታችሁም የምታገኙት እኩል ሊሆን ይችላል።

እውነተኛው ቁጥር ስልካችሁ ውስጥ አለ። አንድሮይድ ላይ ቅንብር ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለውን፣ ከዚያ የሲም ሁኔታ የሚለውን ክፈቱ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ደውሉ። የምታገኙት በዲቢኤም የተለካ፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁጥር ነው። በ4ጂ ከሆነ -85 አካባቢ ጥሩ ነው፤ -100 ሲደርስ መንገታገት ይጀምራል፤ ከ-115 በታች ሲሆን ስልኩ አለ የሚባለው ለስሙ ነው። ቁጥሩ በ10 በወረደ ቁጥር ጉልበቱ በአሥር እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ በ-80 እና በ-110 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ቤት ውስጥ ስልኩን ይዛችሁ ከጓዳ ወደ መስኮት ሂዱና ቁጥሩን ተመልከቱ፤ የትኛው ግድግዳ ጠላታችሁ እንደሆነ በአምስት ደቂቃ ታውቃላችሁ።

መልሶ ይናገራል ያልነው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ማማው በአሥሮች በሚቆጠር ዋት ነው የሚጮኸው። የ4ጂ ስልክ ግን ከፍተኛው ጉልበቱ 0.2 ዋት ነው። ከሩቅ ኮረብታ ላይ ማማው ሲጮህ ትሰማላችሁ፣ እናንተ ስትመልሱ ግን እሱ ዘንድ የሚደርሰው ሹክሹክታ ነው። «እኔ እሰማሃለሁ፣ አንተ አትሰማኝም» የሚለው የስልክ ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ያቺ ባለ ባትሪ መብራቷ የድሮ ኖኪያ ገጠር ላይ ከዘመናዊው ስልክ ይልቅ ትይዝ ነበር የሚሉ ሰዎችም ሙሉ በሙሉ ተረት አያወሩም፤ የ2ጂ ስልክ በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት ድረስ መጮህ ይችላል፣ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ስልካችሁ ምልክት ሲያጣ ደግሞ ድምፁን ከፍ ማድረግ ይሞክራል፤ ደጋግሞ ማማ ይፈልጋል፤ ባትሪውም በዚያው ያልቃል፣ ጀርባውም ይሞቃል። ረጅም መንገድ ላይ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ስትገቡ የአውሮፕላኑን ምልክት መንካት ባትሪ የሚያድነው ለዚህ ነው።

ይሄ ሁሉ የምልክት መዳከም ነው። ሁለተኛው በሽታ መልኩ ይለያል፤ መስመሮቹ ሙሉ ናቸው፣ ቁጥሩም -80 ነው፣ ግን ቴሌግራም ላይ ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች። የኮንዶሚኒየም ውኃ የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ቧንቧው አለ፣ ውኃውም አለ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሁሉም ሲከፍተው አራተኛ ፎቅ ጠብታ ይሆናል። አንድ ማማ የሚያድለው የዳታ መጠን ልክ አለው፤ ማማው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ይካፈለዋል። የጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ፣ የኮንሰርት ምሽት፣ የበዓል ዋዜማ «እንኳን አደረሰህ» ሲጎርፍ የሚሆነው ይሄ ነው። በዚህ ሰዓት ወደ መስኮት መሮጥ አይጠቅምም። ይልቅ ጽሑፍ ላኩ፤ አጭር መልእክት ከቪዲዮ ጋር አይጋፋም፣ በጠባብ መተላለፊያም ያልፋል። የቴሌብር መተግበሪያው እምቢ ሲል *127# ብዙ ጊዜ የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ዳታ አይፈልግም።

በዓሉ እንኳ ይሁን፣ በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ግን አንድ ሰፈር በየቀኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት እንደዚያ ከሆነ አስተዳደራዊ ጥያቄ ነው። ደንበኛ ተጨምሯል፣ ሲም ተሽጧል፣ ፓኬጅ ተሽጧል፤ ማማው ግን ያው ነው። ይሄ ተራራ የሚከሰስበት ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው ክረምት ክረምት የምንሰማው ነው። «ዝናብ ስለጣለ ኔትወርክ የለም» እንላለን። ዝናቡ ስልካችሁ በሚሠራበት ሞገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ታዲያ ለምን ይጠፋል? በሚቀጥለው ጊዜ ማማ ስታዩ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ረዘም ረዘም ያሉት ጠፍጣፋ ሣጥኖች ከስልካችሁ ጋር የሚያወሩት ናቸው። ከበሮ የሚመስሉት ክብ ነጫጭ ሰሃኖች ግን ማማው ከሌላ ማማ ጋር የሚያወራባቸው ናቸው፤ ፋይበር ባልደረሰበት ቦታ ወሬያችሁ ወደ ከተማ የሚጓዘው በእነሱ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከ10 ሺህ ሜጋኸርዝ በላይ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ ሞገዱን ይበላዋል። ዲሽ ያለው ቤት ዶፍ ሲወርድ ቴሌቪዥኑ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ሲበጣጠስ የሚያየው ተመሳሳይ ነገር ነው። ስልካችሁ ማማውን አጥርቶ ይሰማል፣ ማማው ግን ራሱ ከዓለም ተቆርጧል።

ከዝናቡም በላይ መብራቱ አለ። ነጎድጓድ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ ማማው በባትሪ ይቀጥላል፤ ባትሪው ሲያልቅ ጄነሬተሩ ይነሳል፣ ነዳጅ ካለው። ባትሪው አርጅቶ ከሆነ ወይም ነዳጅ የሚያመላልሰው መኪና መንገድ ከተዘጋበት ማማው ይተኛል። መብራት ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ኔትወርኩም የሚከተለው ሰፈር ካላችሁ ምክንያቱ በአብዛኛው ይሄ ነው፤ ሊለካም ሊታረምም ይችላል። ለመንገድ ወይም ለቦይ ሥራ ሲቆፈር የሚቆረጠው ፋይበርም እዚሁ ይመደባል። እዚያ ላይ ፊዚክስ የለበትም፤ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ስላልተነጋገሩ ነው።

አራተኛው አጭር ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2009 ዓ.ም. ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ ኢንተርኔት ተዘግቷል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሀገር አቀፍ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቷል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ አብዛኛው አካባቢ ለረጅም ጊዜ ስልክም ኢንተርኔትም አጥቶ ቆይቷል፤ ሰዎች የእናታቸውን መኖር አለመኖር ሳያውቁ ወራት ተቆጥረዋል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። ለዚህ ሁሉ ሞገዱም ማማውም ምክንያት አልነበሩም። በመዘጋቱ ተገቢነት ላይ የተለያየ አቋም ሊኖር ይችላል፤ ግን ሲዘጋ «ተዘግቷል» መባል አለበት፣ ለምን እና እስከ መቼ ከሚል ቃል ጋር። አራቱም ነገር በአንድ ስም ሲጠራ ትልቁ ተጠቃሚ መልስ መስጠት የማይፈልገው ወገን ነው።

ይሄን ያህል ማጥበቅ ለምን አስፈለገ? አሥር ዓመት በፊት ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቀረው ጨዋታ ነበር። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘባችን ስልክ ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባ፣ የባንክ ማረጋገጫ ኮድ፣ የመታወቂያ ምዝገባ፣ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ሆኗል። ገንዘቡ ተቆርጦ የማረጋገጫው መልእክት ሳይመጣ ባለሱቁ ፊት መቆምን የማያውቅ የለም። ምጥ የያዛት ሴት ቤተሰብ አምቡላንስ የሚጠራውም በዚሁ ስልክ ነው። መንግሥት ቆጣሪውን ወደ ስልክ ካዞረው፣ ስልኩ የማይሠራበት ሰዓት ቢሮ እንደተዘጋበት ሰዓት መቆጠር አለበት።

ሰሚ ካለ ደግሞ የሚጠየቀው ሰማይ አይነካም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲቋቋም ከተሰጡት ሥራዎች መካከል የአገልግሎቱን ጥራት መከታተልና ተጠቃሚን መጠበቅ ይገኙበታል። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ስለጀመረ ማነጻጸርም ይቻላል። በመጀመሪያ የሽፋን መቶኛ ሲነገር ምን እንደተለካ ይነገረን። ሕዝብ ነው ወይስ መሬት? ሰው በሰፈረበት ቦታ 90 ከመቶ መድረስና ከከተማ ወደ ከተማ የሚወስደውን መንገድ 90 ከመቶ መሸፈን ሰማይና ምድር ናቸው። ውጭ ሜዳ ላይ ነው ወይስ ቤት ውስጥ? እኛ ደግሞ የምንኖረው ቤት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው የፓኬጅ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ወጣቱ የሚጎዳው በቀጥታ ነው። የ24 ሰዓት ፓኬጅ ገዝታችሁ ማማው 6 ሰዓት ከተኛ፣ የቀረው ጊጋ 24 ሰዓቱ ሲሞላ እንደ ሲንደሬላ ሠረገላ ይጠፋል። ያ 6 ሰዓት ለምን አይመለስም? ማማው መቼ እንደተኛ መቼ እንደነቃ በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ተመዝግቧል፤ ስልካችሁ እዚያ ማማ ሥር እንደነበረም እንዲሁ። ሒሳቡ ለመሥራት የሚያቅት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ቆጣሪ ይቆማል፤ የዳታ ቆጣሪ ብቻ በጨለማ ይሮጣል።

ሕንፃውን አንርሳ። አዲስ ፎቅ ፈቃድ ሲያገኝ የእሳት መውጫ ይጠየቃል። ምድር ቤቱ ውስጥ ያለ ጥበቃ ስልክ ደውሎ እርዳታ መጥራት መቻሉን የሚጠይቅ ግን አላየንም። የውስጥ አንቴና ሲገነባ ማስገባት፣ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ጣሪያ እየቀደዱ ከማስገባት በብዙ ይረክሳል።

እስከዚያው አቤቱታችንን ማስተካከል እንችላለን። «ኔትወርክ አስቸገረን» ብሎ የሚደውል ደንበኛ አለ። «ሰፈሬ እዚህ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ ምልክቱ -82 እያለ፣ 4ጂ ላይ ዳታ አያልፍም፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ይመለሳል» የሚልም ሊኖር ይችላል። ሁለተኛውን የተቀበለ ቴክኒሻን ችግሩ መጨናነቅ እንደሆነ በአንድ ንባብ ይገባዋል፣ የማማውን ጭነት ከፍቶ ያያል። የመጀመሪያውን የተቀበለው ግን ምን ያድርግ፤ «ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት» ይላችኋል።